የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በአዋቂነት ዕድሜ ወደ ካቶሊክ እምነት መግባት

ባለፉት ወራት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ አንድን ጉዳይ የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘናቸው በዚህ እትም ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ ስለ ጠየቁ ፈቃዳቸውን ጠብቀናል፤ ደብዳቤዎቹንም በመጠኑ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ያደግሁት ሃይማኖት በማይነሣበት ቤት ስለሆነ አልተጠመቅሁም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን መጽሐፍ ቅዱስንና ስለ ካቶሊክ እምነት የተጻፉ መጻሕፍትን ሳነብ፣ እሑድ እሑድም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ቅዳሴ ስከታተል ቆይቻለሁ። ጸሎተ ሃይማኖትንና አባታችን ሆይን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። በቅርቡ የቁምስናውን ካህን አነጋግሬ መጠመቅ እንደምፈልግ ስነግራቸው በደስታ ተቀበሉኝ፤ ዝግጅቱ ግን እስከሚመጣው ዓመት የትንሣኤ በዓል ድረስ እንደሚቆይ ገለጹልኝ። ማወቅ የሚገባኝን አውቄ ሳለ ይህን ያህል የምጠብቀው ለምንድን ነው? እስከዚያ ብሞትስ?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ በሁለት ቃል ያስቀመጡት ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ለጥምቀት እየተዘጋጀ ሳለ ሞት የቀደመው ሰው፣ ለመጠመቅ የነበረው ግልጽ ፍላጎት፣ ስለ ኃጢአቱ ያለው ጸጸትና ፍቅሩ ተዳምረው፣ በምሥጢሩ አማካይነት ሊቀበለው ያልቻለውን ድኅነት ያረጋግጡለታል። እ.ኤ.አ. በ392 ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዋለንቲኒያኖስ፣ የሚላኖው ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ መጥቶ እንዲያጠምቀው ለምኖ ሳይጠመቅ በሞተ ጊዜ፣ አምብሮስዮስ ያዘኑትን እኅቶቹን ያጽናናቸው የለመነውን ጸጋ እንዳላጣ በመናገር ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ወይም አደጋ ቢያጋጥምዎ፣ የእምነቱን ዋና ዋና እውነቶች በመጠኑ የሚያውቁ ከሆነ፣ ፈቃድዎንም ከገለጹና የክርስትናን ግዴታ ለመጠበቅ ቃል ከገቡ፣ ቀኑን ሳይጠብቁ ወዲያው ይጠመቃሉ። ንዑሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ለጥምቀት የሚዘጋጅ ሰው ሆነው ከተመዘገቡበት ዕለት ጀምሮ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንደ ራሷ ልጅ ታይዎታለች፤ ቢያርፉ እንኳ ሥርዓተ ፍትሐትን በተመለከተ ከተጠመቁት ምእመናን ጋር ተቆጥረው ይሸኛሉ። ስለዚህ ደጅ ላይ እንደቀሩ አድርገው እንዳያስቡ አደራ እላለሁ።

ወደ ጊዜው ልመለስ። ያነበቡት ሁሉ ይጠቅምዎታል፤ ብዙ ሰዎች ያን ያህል ሳያውቁ ነው የሚጀምሩት። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ በዝግጅቱ ወቅት ስትመዝን የኖረችው ሌላ ነገር ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈ እንደሆነ የሚታሰበውና በሮማዊው ሂፖሊጦስ፣ ማለትም በአቡሊዲስ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ ሥርዓት፣ ንዑሰ ክርስቲያን ቃሉን ሦስት ዓመት እንዲሰሙ ካዘዘ በኋላ፣ ትጉህና ጽኑ ሆኖ የተገኘ ሰው ካለ ግን የሚመዘነው የቆየበት ዘመን ሳይሆን ጠባዩ እንደሆነ ይጨምራል። ለጥምቀት የሚመረጡበት ጊዜ ሲደርስም ስለ እነርሱ የሚጠየቀው ምን ያህል እንደተማሩ አልነበረም። በቅንነት ኖረዋልን? መበለቶችን አክብረዋልን? የታመሙትን ጠይቀዋልን? የሚባለው ይህ ነበር፤ ያመጧቸው ሰዎችም ይመሰክሩላቸዋል። እኔ ለጥያቄዎ ያለኝ ዋና መልስ በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ አለ። ጸሎተ ሃይማኖትን በሁለት ሳምንት በቃል መያዝ ይቻላል፤ ያስቀየመንን ሰው ይቅር ማለት፣ ሲደክመንም ስንደሰትም መጸለይ፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ቤተሰብ መሆን ግን ወቅቶች ተፈራርቀው እስኪያልፉ ድረስ ጊዜ ይጠይቃል።

ይህ ሥርዓት የሕፃናት ጥምቀት የተለመደ በሆነባቸው ዘመናት እየደበዘዘ ሄዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ የአዋቂዎች ንዑሰ ክርስትና በየደረጃው ተከፋፍሎ እንዲመለስ አዘዘ፤ አዲሱ መጽሐፈ ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በጥር 1972 ታተመ። መጽሐፉ የቆይታውን ልክ በአንድ ቁጥር አይወስንም፤ እምነቱና ንስሐው እስኪጸና ድረስ ካስፈለገ በርካታ ዓመታትም ሊወስድ እንደሚችል ነው የሚናገረው። ዝርዝሩን ጳጳሳት ለየሀገራቸው ይደነግጋሉ። ከዚህ አንጻር ለእርስዎ የተነገረዎት ጊዜ ረጅም አይደለም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ የመጠየቂያ ጊዜ ነው፤ ሰው ያሻውን ይጠይቃል፣ ይጠራጠራል፣ ይመለሳል፣ ማንም አያስቸኩለውም። እርስዎ ይህንን ከኋላ ወንበር ሆነው በአብዛኛው አሳልፈውታል ማለት ይቻላል። የጎደለ ነገር ቢኖር ያ ሁሉ ሲሆን አጠገብዎ ሰው አለመኖሩ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በሮም ማርዮስ ቪክቶሪኖስ የሚባል ስመ ጥር የንግግር መምህር ነበረ። መጻሕፍቱን ሁሉ መርምሮ ለወዳጁ ለሲምፕሊቂያኖስ በስውር «እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ» ይለው ነበር። ወዳጁም «በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካላየሁህ አላምንም» ሲለው፣ «ታዲያ ሰውን ክርስቲያን የሚያደርገው ግድግዳ ነውን?» እያለ ይቀልድበት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ራሱ መጥቶ «ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ፤ ክርስቲያን መሆን እፈልጋለሁ» አለው። ካህናቱ እንዳያፍር በማሰብ የእምነት ቃሉን ለብቻው እንዲናገር ቢፈቅዱለትም እምቢ ብሎ በሕዝብ ፊት ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ መሰከረ። ታሪኩን ያቆየልን ቅዱስ አጎስጢኖስ ነው፤ እርሱም ራሱ እ.ኤ.አ. በ387 በትንሣኤ ሌሊት በአምብሮስዮስ እጅ ተጠምቋል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚከፈተው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ካህኑ በመጀመሪያ ስምዎን ይጠይቃል። ቀጥሎ «ከእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲል መልሱ «እምነት» ነው፤ «እምነት ምን ይሰጥሻል?» ሲል ደግሞ «የዘለዓለም ሕይወት» ይባላል። ከዚያ በግንባርዎ ላይ የመስቀል ምልክት ይደረጋል፤ ቃሉን እንዲሰሙ በጆሮዎ፣ ብርሃኑን እንዲያዩ በዐይንዎ፣ እንዲመሰክሩ በከንፈርዎ፣ ክርስቶስ እንዲያድርብዎ በደረትዎ፣ ቀንበሩን እንዲሸከሙ በትከሻዎ ላይ ይደገማል። በዚህ ሥርዓት ላይ በአስተማሪነት ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ምስክር አውራ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ የአንዱን ጎልማሳ የዐይን ቆብ ሲነኩ፣ እርሱ ዐይኑን ጨፍኖ ዕንባው በእጃቸው ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። ስድስት ወር ያስተማርሁት ሰው ነበር፤ ትምህርቴ ያላደረሰውን ያ ጣት አደረሰለት።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ንዑሰ ክርስቲያን ይባላሉ፤ ቃሉ እንደሚያመለክተው ገና ታናሽ የሆነ ክርስቲያን ማለት ነው። ትምህርቱ በየሳምንቱ ይቀጥላል፤ ከምእመናን ጋር ይጸልያሉ፤ በበጎ አድራጎት ሥራ ይሳተፋሉ። በቅዳሴ ላይ ከስብከቱ በኋላ በትሕትና ተሰናብተው ወጥተው በሰሙት ቃል ላይ እንዲያሰላስሉ ይደረጋል። አንዳንዶች ይህን እንደ መገፋት ሲቆጥሩት ይከፋቸዋል። የቁርባኑ ማዕድ ለተጠመቁት ስለሆነ ረኀቡ እስኪደርስ ድረስ እንዲያድግ የሚደረግ ነው፤ እስኪያዩት ድረስ ይታገሡት።

በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ እሑድ ጳጳሱ ባሉበት ለጥምቀት የሚመረጡበት ሥርዓት ይፈጸማል። ጳጳሱ የክርስትና እናቶችንና አባቶችን፣ እነዚህ ሰዎች የእግዚአብሔርን ቃል በታማኝነት ሰምተዋልን? እንደ ሰሙት መኖር ጀምረዋልን? በማኅበሩ ጸሎትና ሕይወት ተካፍለዋልን? ብለው ይጠይቃሉ። የሚመልሱት እነርሱ ናቸው እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ እርስዎ ስምዎን ያስመዘግባሉ። በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው እሑድ «ምርመራ» የሚባሉት ሥርዓቶች ይከተላሉ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ፈተና የላቸውም፤ ኃጢአት ያደከመው እንዲድን፣ በጎ የሆነው እንዲጠነክር የሚጸለዩ ጸሎቶች ናቸው። በእነዚያ እሑዶች የሚነበቡት ሦስት የዮሐንስ ወንጌል ታሪኮች ናቸው፤ ውኃ ልትቀዳ መጥታ ሕያው ውኃ ያገኘችው ሳምራዊት፣ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው፣ ከመቃብር የተጠራው አልዓዛር። እስከዚያው ድረስ በዝግታ ቢያነቧቸው መልካም ነው።

በዚሁ ወቅት ጸሎተ ሃይማኖትና አባታችን ሆይ በሥርዓት ይሰጥዎታል። አስቀድመው በቃልዎ ማወቅዎ ዋጋቸውን አይቀንሰውም። አጎስጢኖስ ለተጠማቂዎች ጸሎተ ሃይማኖትን ሲያስረክብ በወረቀት እንዳይጽፉት፣ ሰምተው በልባቸው እንዲይዙት ያዝዛቸው ነበር። ከመጽሐፍ ማንበብ ሌላ ነገር ነው፤ ሲያምኑበት ከኖሩ ሰዎች አፍ መቀበል ሌላ ነገር ነው።

የትንሣኤው ሌሊት በጨለማ ይጀምራል። እሳት ይባረካል፤ ከእርሱ የትንሣኤው ሻማ ይበራል፤ ከፍጥረት ጀምሮ ረጅም ንባብ ይነበባል። የቅዱሳን ስም እየተጠራ ምልጃቸው ከተለመነና ውኃው ከተባረከ በኋላ ኃጢአትንና ሰይጣንን ይክዳሉ፤ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመንዎን ይመሰክራሉ፤ በውኃው ውስጥ በመጥለቅ ወይም ውኃው በራስዎ ላይ በመፍሰስ ሦስት ጊዜ ይጠመቃሉ። ነጭ ልብስ ይለብሳሉ፤ ከትንሣኤው ሻማ የበራ ሻማ ይቀበላሉ፤ በዚያው ሌሊት ምሥጢረ ሜሮንን፣ ማለትም በተቀደሰው ቅባት መቀባትን፣ እንዲሁም ቅዱስ ቁርባንን ይቀበላሉ። ሦስቱም ምሥጢራት በአንድ ሌሊት እንዲሰጡ ሕጉ ራሱ ይጠይቃል፤ ከባድ ምክንያት ካልኖረ በቀር አይነጣጠሉም። ይህ የገለጽሁት የላቲን ሥርዓት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ከሮም ጋር አንድነት ያላቸው የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የየራሳቸው ቅደም ተከተልና ጸሎት አላቸው።

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ በአንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ተጠምቄአለሁ። አሁን ካቶሊክ ለመሆን ወስኛለሁ። ከእኔ ጋር የሚማር አንድ ወዳጄ ደግሞ በሕፃንነቱ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ነው። አንዳንድ ሰዎች ሁለታችንም እንደገና እንደምንጠመቅ ነግረውናል። እውነት ነውን?

መልስ፦ አይደለም። ጥምቀት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ምሥጢር ነው። በውኃ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ በማሰብ የተፈጸመ ጥምቀት በየትኛውም የክርስቲያን ማኅበር ይፈጸም እውነተኛ ነው፤ መድገሙ ክልክል ነው። መጠመቅዎን የሚያስረዳ ማስረጃ ያምጡ፤ ወረቀት ከጠፋ የነበረ ሰው ምስክርነት ይፈለጋል። ተመርምሮም ከባድ ጥርጣሬ የቀረ እንደሆነ ብቻ «ካልተጠመቅህ» በሚል ሁኔታ ይጠመቃሉ፤ ይህም ያለ ብዙ ሕዝብ ቢፈጸም ይመረጣል።

እርስዎ የሚያስፈልግዎት እንደ ኑሮዎና እንደ እውቀትዎ የሚመጠን ዝግጅት ነው። ለዓመታት በጸሎትና በቃሉ የኖረን ክርስቲያን ምንም ካልሰማ ሰው ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከሀ መጀመር ተገቢ አይመስለኝም፤ መጽሐፈ ሥርዓቱም ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ወስዶ ከሚያስፈልገው በላይ ሸክም እንዳይጫን ያስጠነቅቃል። በዕለቱ ከምእመናን ጋር ጸሎተ ሃይማኖትን ይላሉ፤ ቀጥሎም ቅድስት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከእግዚአብሔር የተገለጠ መሆኑን የምታምነውን፣ የምታስተምረውንና የምትሰብከውን ሁሉ እንደሚያምኑ ይመሰክራሉ። ከዚያ ምሥጢረ ሜሮንንና ቅዱስ ቁርባንን ይቀበላሉ። አስቀድመው መናዘዝ ይኖርብዎታል። የትንሣኤን ሌሊት መጠበቅ ግዴታዎ አይደለም፤ በማንኛውም እሑድ ሊሆን ይችላል።

የወዳጅዎ ነገር ደግሞ ይቀልላል። የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ምሥጢራት እውነተኞች ስለሆኑ ሜሮንም አይደገምለትም፤ የሚጠየቀው የካቶሊክ እምነትን መመስከር ብቻ ነው። በሕጉ መሠረት የሚቆጠረውም ከራሱ ሥርዓት ጋር በሚመሳሰለው የምሥራቅ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ትምህርቱን በላቲን ቁምስና ቢከታተልም እንኳ። ይህን ካህኑ ከመጀመሪያው እንዲያውቁት ይንገራቸው፤ ኋላ በጋብቻ ወይም በክህነት ጊዜ የሚያስቸግረው ይህ ዓይነቱ ያልተመዘገበ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ አልተጠመቅሁም፤ ባለቤቴ ካቶሊክ ናት። እርሷ የክርስትና እናቴ ልትሆን ትችላለች? ደግሞም ከእርሷ በፊት ሌላ ትዳር ነበረኝ፤ በፍርድ ቤት ነው የተለያየነው። ይህ ለመጠመቅ እንቅፋት ይሆንብኛል?

መልስ፦ የክርስትና አባት ወይም እናት የሚሆን ሰው በላቲን ሕግ 16 ዓመት የሞላው፣ ሜሮንና ቁርባን የተቀበለ፣ እንደ እምነቱ የሚኖር ካቶሊክ መሆን አለበት፤ የተጠማቂው አባት ወይም እናት መሆን አይችልም። የላቲኑ ሕግ የትዳር ጓደኛን በስም አይጠቅስም፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ግን ይከለክላል። እኔ በየትኛውም ሥርዓት ቢሆን ሌላ ሰው እንዲመርጡ እመክራለሁ። ባለቤትዎ ቀድሞውንም ከአጠገብዎ ናት፤ ሌላ ምእመን ቢጨመርልዎ በቤትዎ ውስጥ የማይነገረውን ነገር የሚነግሩት ሰው ያገኛሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው፤ ለካህኑ በመጀመሪያው ውይይት ላይ ይንገሯቸው። ቤተ ክርስቲያን ያልተጠመቁ ሰዎችን ጋብቻ እንኳ እውነተኛ ጋብቻ አድርጋ ትቆጥረዋለች፤ የፍርድ ቤት ፍቺም በእርሷ ዘንድ ማሰሪያውን አይፈታም። ስለዚህ የቀድሞው ጋብቻዎ መመርመር ይኖርበታል። ጋብቻው ከመነሻው ጉድለት እንደነበረበት በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ሊረጋገጥ ይችላል፤ ሁለታችሁም ሳትጠመቁ የተጋባችሁ ከሆነ ደግሞ ከ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 የሚነሣ፣ የጳውሎስ መብት የሚባል ሌላ መንገድ አለ። የትኛው እንደሚስማማ የሚወሰነው በማስረጃ ነው። ምርመራው ወራትን ሊወስድ ስለሚችል ውሳኔው ሳይታወቅ የጥምቀት ቀን መቁረጥ አይገባም። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነገሩ ተገልጦ ስማቸው ከተጠማቂዎች መካከል የወጣ ሰዎች ሐዘን ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከጅምሩ ቢናገሩት ኖሮ ብዙው በቀረላቸው ነበር። እስከዚያው ግን ንዑሰ ክርስቲያን ከመሆን፣ ከመማርና ከመጸለይ የሚያግድዎት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በሚመጣው የትንሣኤ ሌሊት እጠመቃለሁ። ከዚያ በፊት የሕይወቴን ኃጢአት ሁሉ ለካህን መናዘዝ አለብኝ? ከተጠመቅሁስ በኋላ ትምህርቱ ያበቃል?

መልስ፦ ምሥጢረ ንስሐ ለተጠመቁ ሰዎች የተሰጠ ስለሆነ ከጥምቀት በፊት አይናዘዙም። ጥምቀቱ ራሱ የቀደመውን ኃጢአት ሁሉ፣ ቅጣቱንም ጭምር ያጠፋዋል። ከእርስዎ የሚፈለገው ከልብ መጸጸትና ያንን ኑሮ ለመተው መወሰን ነው። ልብዎን የሚከብድ ነገር ካለና ከካህን ጋር ሊመክሩበት ከፈለጉ በሩ ክፍት ነው፤ ምክር ነው እንጂ ኑዛዜ አይባልም።

ትምህርቱ አያበቃም። ከትንሣኤ እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን የተቀበሉትን ምሥጢር የሚያጣጥሙበት የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በኢየሩሳሌም የምሥጢራቱ ትርጉም በዝርዝር የሚገለጸው ከጥምቀት በኋላ ነበር፤ ሰው ያልቀመሰውን ቢያስረዱት አይገባውም ተብሎ ይታሰብ ነበርና። በዚያ ዘመን ማብቂያ ቅድስት ሀገርን የጎበኘችው ኤጌሪያ እንደጻፈችው፣ ጳጳሱ በትንሣኤው ስምንት ቀናት ለአዲሶቹ ተጠማቂዎች ምሥጢራቱን ሲያስረዱ የአድማጮቹ የደስታ ድምፅ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር።

በእነዚህ ሳምንታት በእሑድ ቅዳሴ አዲስ ተጠማቂዎች ከክርስትና አባቶቻቸውና እናቶቻቸው ጋር የተለየ ስፍራ ተሰጥቷቸው ይቀመጣሉ፤ ስማቸው በምእመናን ጸሎት ይነሣል፤ ጳጳሱም እንዲያገኟቸው ይደረጋል፤ በዓመቱም ዕለተ ጥምቀታቸውን አብረው እንዲያስቡ ይሰበሰባሉ። ብዙ ቁምስናዎች በትንሣኤው ዝግጅት ደክመው ይህን ክፍል ይዘነጉታል፤ አዲስ ተጠማቂም ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ብቻውን የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። የእርስዎ ቁምስና ዕቅድ ከሌለው፣ ከመጠመቅዎ በፊት ካህኑንና አስተማሪዎን ይጠይቁ፤ ከክርስትና እናትዎ ወይም አባትዎ ጋርም ከትንሣኤ በኋላ በየሳምንቱ የምትገናኙበትን ቀን ከአሁኑ ቁረጡ።